የሚያንጠባጥብ ክሪክ ዘይት በመሙላት አይድንም

ዛሬ ዘርና ማዳበሪያውን ለጊዜው አቆይቼ ስለ ክሪክ ልጽፍላችሁ ነው። «የግብርና ባለሙያ ስለ ክሪክ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ስንዴው በትራክተር መታረስ፣ በኮምባይነር መታጨድ ከጀመረ ወዲህ በየግቢው ከሞፈርና ከቀንበሩ ጎን አንድ ክሪክ ተቀምጦ ማየት የተለመደ ሆኗል። የትራክተር ጎማ ሲፈነዳ፣ ጋሪው ሲሰበር፣ አይሱዙው መንገድ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ታዲያ ቀበሌ ለቀበሌ ስዞር ከእነዚህ ክሪኮች ብዙዎቹ ሥራቸው በዘይት ረጥቦ፣ አቧራና ገለባ ተለጥፎባቸው ነው የማያቸው።

ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ትንሽ ያንጠባጥባል እንጂ ይሠራል። ዘይት ጠብ ስናደርግበት ይነሳል።» እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ማጭድ ቢደንዝ ሥራ ይዘገያል፤ የውኃ ፓምፕ ቢያፈስ ነዳጅ ይባክናል። ክሪክ ግን ሰው ከነነፍሱ ከሥሩ የሚገባበት ዕቃ ነው። የሚያንጠባጥብ ክሪክ ወይ ተፈትቶ ይጠገናል፣ ወይ ይጣላል። ዘይት እየጨመሩ መጠቀም የሚባል ሦስተኛ መንገድ የለም ባይ ነኝ።

ለምን እንዲህ እንዳከረርኩ እንድትረዱልኝ እስቲ ውስጡን እንየው። በክሪክ ውስጥ አንድ ቀጭን ፒስተንና አንድ ወፍራም ፒስተን አለ፤ በመካከላቸው ያለው ዘይት ብቻ ነው። እጀታውን ስትጫኑ ቀጭኑ ፒስተን ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ወፍራሙን ወደ ላይ ያነሳል። ቀጭኑ 1 ሳንቲሜትር፣ ወፍራሙ 4 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖራቸው ጉልበቱ 16 እጥፍ ያድጋል። በእጃችሁ 20 ኪሎ ያህል ብትጫኑና እጀታው ራሱ ያንን 10 ጊዜ ቢያበዛው፣ ወፍራሙ ፒስተን 3,200 ኪሎ ሊያነሳ ይችላል ማለት ነው። ጥሩ። አሁን ደግሞ ከተቃራኒው ወገን እንቁጠረው። ያ ሁሉ ክብደት ዘይቱን መልሶ ሲጫነው በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲሜትር፣ ማለትም በአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ 250 ኪሎ ገደማ ያርፋል። ይህን ሁሉ የሚገታው ፒስተኑን የከበበው የላስቲክ ቀለበት ነው። ቀለበቱ መልቀቅ ሲጀምር በጠብታ ይጀምራል። መቼ ከጠብታ እንደሚያልፍ ግን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1795 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ በዘይት ክሪክ አሠራር የሚሠራውን የመጀመሪያውን የውኃ ኃይል መጭመቂያ ሲያስመዘግብ ትልቁ ራስ ምታቱ በፒስተኑ ዙሪያ የሚያመልጠው ውኃ ነበር። መፍትሔውን ያመጣው በዎርክሾፑ የሚሠራው ሄንሪ ሞድስሌይ እንደሆነ ይነገራል፤ እንደ ጽዋ የተቀለሰ ቆዳ አበጀለት። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የቆዳው ከንፈር ከግድግዳው ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። ዛሬም በብዙ ክሪኮች ውስጥ ያለው ጎማ በዚያው መልክ የተሠራ ነው። ይህን ያነሳሁት ለወግ ብቻ አይደለም። ጎማውን ስትቀይሩ የጽዋው አፍ የግድ ወደ ዘይቱ ግፊት መዞር አለበት። ገልብጣችሁ ካስገባችሁት አዲስ ጎማ ገዝታችሁም እንደ አሮጌው ያፈስሳል። ስለዚህ አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስማርት ስልክ እንዲህ ላለው ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ከየት እንደሚያፈስስ እወቁ። ክሪኩን በነጭ ጋዝ በነከራችሁት ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁ፤ ከዚያ ካርቶን ላይ አስቀምጡትና ያለ ጭነት ከፍ ዝቅ አድርጉት። ዘይቱ በወፍራሙ ፒስተን አንገት ዙሪያ ከታየ የዋናው ጎማ ነው። ከእጀታው በኩል ከሆነ የቀጭኑ ፒስተን ጎማ ነው። ከመሙያው ታፖ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ምናልባት ክሪኩ ጤነኛ ነው፤ አንድ ሰው ከልክ በላይ ሞልቶበታል። ውጪው ደርቆ ሳለ ጭነት ይዞ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነስ? ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም «አያንጠባጥብም» ተብሎ ይታመናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከማውረጃው ብሎን ጫፍ ያለችው ትንሽ የብረት ኳስ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ መግባቱ ነው። ብሎኑን ፈትቶ ማጽዳት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ኳሷን እንዳትጥሏት ግን ከሥር ሰፌድ ወይም ነጭ ጨርቅ አንጥፉ።

ዘይት ሲረጭ ባያችሁ ጊዜ ቀዳዳውን በጣት እየዳሰሳችሁ አትፈልጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። የትራክተር ሃይድሮሊክ ጎማ ቱቦም እንዲሁ ነው። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ስለሆነና መጀመሪያ ብዙም ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል፤ ውስጡ ግን ይበላሻል፣ እጅ እስከ ማስቆረጥም ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ሳያድር፣ ቢቻል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሄዶ «ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብሎ በግልጽ ይናገር።

አሁን ወደ መፍታቱ። ክሪኩ ከጭነት ነፃ ይሁን፣ ፒስተኑ እስከ ታች ይውረድ፣ የማውረጃው ብሎን ይላላ። ባለ ጎማው ክሪክ፣ ያ በመሬት ላይ የሚንሸራተተው፣ መመለሻ ሞላ አለው፤ ሳትጠነቀቁ ብታላቅቁት ፊት ይመታል። ዘይቱን በዕቃ አጠራቅሙ። ላዩ ላይ ያለውን ትልቅ ዳዶ ለመክፈት ትልቅ ቁልፍና ጠንካራ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ በመዶሻና በካቻቢቴ እየመቱ ማዞር አፉን ያበላሸዋል። (ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ የጋራዥ ቃላችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጣርማ በርን በስተው ያለፉት ሰዎች ዋሻውን ብቻ አይደለም የተዉልን።) ቁልፉ ከሌላችሁ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ወስዶ ማስከፈት ይሻላል፤ ለዚያ የምትከፍሉት ገንዘብ አይቆጭም።

ፒስተኑ ሲወጣ ጥፍራችሁን በላዩ ላይ አስኪዱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም በዝገት የተበላ ጉድጓድ ካለ፣ አዲስ ጎማ ብታስገቡም ያው ጭረት በጥቂት ቀን ይቆርጠዋል። በዚህ ጊዜ ለጥገና የሚወጣውን አታውጡ፤ ክሪኩ አብቅቷል። ለስላሳ ከሆነ ግን አሮጌዎቹን ጎማዎች በሙሉ በላስቲክ ቋጥራችሁ መለዋወጫ መደብር ውሰዱ፤ ውስጡን፣ ውጪውንና ውፍረቱን ለክተው የሚመጥነውን ይስጧችሁ። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ትርፉ ሁለት ጊዜ መፍታት ነው። ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ በምላጭ ቆርጦ ቀለበት መሥራት በየሰፈሩ አይቻለሁ። እጀ ብልህነቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ያ ላስቲክ አየር ለመያዝ የተሠራ ነው፣ ዘይት ሲነካው አብጦ ይልፈሰፈሳል።

ስለ ዘይቱ ጠንከር ብዬ ልናገር። ብዙ ክሪክ የሚሞተው በተሳሳተ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከክሪክ ዘይት ጋር በባሕርይው አይገናኝም፤ የብዙውን ክሪክ ጎማ ያሳብጣል፣ ፒስተኑንም ለዝገት ያጋልጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትማ በውስጡ የብረት ብናኝ ስላለ እንደ ሞረድ ይፍቃል። የምግብ ዘይትም ይረጋል። የሚገዛው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ዕቃው ላይ 22 ወይም 32 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ ቀጭን ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ በሚያድርበት ቦታ፣ ቀጭኑ ይሻላል። የተገላቢጦሹንም እወቁ፤ የክሪክ ዘይት በፍሬን ቋት ውስጥ ከገባ የፍሬኑን ጎማዎች ያበላሻል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ፍሬን ቢያጣ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ሁለቱን ዘይቶች በአንድ ዓይነት የውኃ ላስቲክ አታስቀምጡ።

ስትገጥሙ ጎማዎቹን በአዲሱ ዘይት ቀቡ፤ በደረቁ አታስገቡ። ከማውረጃው ብሎን ሌላ አንዳንድ ክሪክ ላይ በቀለም ወይም በክዳን የተሸፈነ ትንሽ ብሎን ታያላችሁ። እሱ ክሪኩ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን የሚከላከል ነው። አትንኩት። «አጥብቀን ጉልበት ጨመርንለት» የሚሉ ሰዎች የጨመሩት ጉልበት ሳይሆን አደጋ ነው። ፒስተኑ ታች እንዳለ ዘይቱን እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ሙሉ። የማውረጃውን ብሎን አላልታችሁ እጀታውን 10 ወይም 15 ጊዜ ምቱ፤ ውስጡ የታሰረው አየር ይወጣል። ከዚያ ብሎኑን አጥብቃችሁ ዘይቱን እንደገና እዩ።

መሞከሪያው እንዲህ ነው። አንድ የትራክተር ጎማ ከመሬት ጥቂት ብቻ አንሱ፤ ቢወርድ እንዲቀበለው ከሥሩ ጉማጅ እንጨት አስገቡ። ፒስተኑ ላይ በከሰል ምልክት አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ምልክቱ ከወረደ የኳሷን መቀመጫ እንደገና አጽዱ። ካልወረደ ጥገናው ተሳክቷል።

ተሳክቷል ማለት ግን ከሥሩ ይገባል ማለት አይደለም። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ይዞ ለማቆየት አልተሠራም፣ አዲስ የተገዛውም ቢሆን። ካነሳችሁ በኋላ ክብደቱ በሌላ ነገር ላይ ይረፍ። በያጅ የሠራው ጠንካራ የብረት መቆሚያ ካለ እሰየው። ከሌለ ደግሞ ባሕር ዛፍ ሞልቶናል፤ ወፋፍራም ጉማጆችን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ አግድም ደርድሩ። ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ኮትቻ አፈር ላይ ስትሆኑ በተለይ በክረምት ክሪኩ ራሱ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ አንጥፉ። በአንኮበር ተዳፋት ላይ ደግሞ ከማንሳታችሁ በፊት መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸው፣ ከፊትም ከኋላም።

ክሪኩን ከማዳበሪያና ከአሞሌ ጋር በአንድ ጎተራ አታሳድሩት። ሁለቱም እርጥበት ስበው ብረት ይበላሉ፤ የፒስተኑ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ፒስተኑ ገብቶ፣ ክሪኩ በእግሩ ቆሞ፣ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

የወጣውን አሮጌ ዘይት በሬሳ ወንዝም ሆነ በማሳችሁ ጥግ አትድፉት። ከብት ሲያከክ የተቃጠለ ዘይት የምትቀቡም እባካችሁ ተዉ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ከብቱም ይልሰዋል። ለማረሻና ለማጭድ ብረት መቀቢያ ግን ይሆናል፤ አርሶ ሲያበቃ ተጠርጎ በስሱ የተቀባ ማረሻ እስከሚቀጥለው እርሻ አይዝግም።

ይህን ሁሉ በአጨዳ ሰሞን አታድርጉት። በኅዳር ኮምባይነሩ ማሳ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ማንም ሰው ኳስ እያጸዳ አይቀመጥም፤ ዘይት ጨምሮ ነው የሚሮጠው። ዘሩ ገብቶ ማሽኑ በሚያርፍበት በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ፣ አንድ ከሰዓት በቂ ነው። ጎማውን ከከተማ የምታስመጡ ከሆነም ለሦስትና ለአራት ሆናችሁ፣ ሁሉንም አሮጌ ቀለበቶች ለየብቻ ቋጥራችሁ የባለቤቱን ስም ጽፋችሁበት በአንድ ሰው ላኩ።