ለጣና የሚበጀው የትኛው ሥራ ነው?

አርቲስት ኤልያስ ስሜ የሥራውን ዕቃ የሚሰበስበው ከመርካቶ ነው፤ ከተጣለ ኮምፒውተር የወጣ ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ባለቀለም ቀጭን ሽቦ። ሽቦውን በየቀለሙ ለይቶ ይጎነጉንና በእንጨት ላይ ጠጋ ጠጋ አድርጎ ይመታዋል። ራቅ ብሎ ላየው ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ሲጠጉት ሰው ተጠቅሞ የጣለው ዕቃ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራዎቹ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ቀርበዋል።

ይኸው የተጣለን ነገር ጥበብ የማድረግ መንገድ ወደ ጣና ዳሯ ባሕር ዳር ቢመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው እምቦጭ ነው። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል የዓሣ አጥማጁን መረብ መጣያና የከብቱን ግጦሽ ይዞበታል። ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ማሽንም መጥቷል። ታዲያ ይህን አረም አድርቆ፣ ጎንጉኖ፣ አደባባይ ላይ ትልቅ የጥበብ ሥራ አድርጎ ማቆም ይገባል?

ይገባል የሚል ሰው ጠንካራ ምክንያት አለው። ወረራው የከፋው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ የዘጌን ገዳማት ሊሳለም የሚሄድ እንግዳ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሐይቅ አይቶ ይመለሳል። የፎገራን ጭንቀት ከተማው መሐል የሚያቆም ሥራ ከየትኛውም ሪፖርት ይልቅ መንገደኛውን ያስቆመዋል።

በተቃራኒው፣ ገዢ ያገኘ አረም እንዲጠፋ የሚፈልግ አይኖርም የሚል ሥጋት አለ። ለእኔ ይህ ብዙም አይከብደኝም። እምቦጭ ከመቶ ዘጠናው እጅ ውኃ ስለሆነ ብዙ ጭነቱ ደርቆ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ በዚህ ንግድ የሚከብር አይኖርም። የሚያስጨንቀኝ ዘሩ ነው። ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሳይሞት ይቆያል፤ አረሙን ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ባልደረሰበት ዳርቻ መዝራት ሊሆን ይችላል። ደግሞም እምቦጭን የሚቀልበው ከየማሳው ታጥቦ በመገጭ፣ በርብና በጉማራ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። አረሙን ብቻ የሚያሳይ ሥራ ይህን ይሸፍነዋል።

በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገልስ? በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ የነገደ ወይጦ ሰዎች ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በገመድ ጠፍረው ታንኳ ይሠሩበታል። ታንኳው ከውኃ ሲወጣ ጠፈፍ እንዲል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የሞከረባት ራ የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነው። ደንገል ወደ ሐይቁ የሚገባውን ደለል ያጣራል፤ ዓሣና ወፍ ይራቡበታል። ሆኖም ዳርቻው ለእርሻና ለግንባታ እየተመነጠረ ስለሳሳ፣ ለትልቅ ሥራ ብሎ ማጨድ የቀረውን መጨረስ ነው። ለዘመናት የተናቁት የወይጦ ሰዎች የእጅ ሙያ ተወስዶ የሌላ ሰው ስም እንዳይለጠፍበትም እፈራለሁ።

እኔ የማደላው ኤልያስና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ላይ ወዳደረጉት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም ተበክሎ በነበረ መሬት ላይ በጭቃና በጭድ ገነቡት፣ አትክልት ተከሉበት፤ ግቢው ራሱ ሥራቸው ሆነ። ጣና ዳርም ደንገል መትከሉ ራሱ የጥበብ ሥራ ይሁን፤ የሚመሩትም ታንኳ ሠሪዎቹ ይሁኑ፤ ደመወዝም ስምም ያግኙበት። ይህም ቢሆን ያለ ክርክር አያልፍም። ውኃው ሲሸሽ ዳርቻውን የሚያርሰው ገበሬ ደንገል ሲተከልበት የሚዘራበትን መሬት ያጣል። በምትኩ ምን እንደሚያገኝ አንድ ሥር እንኳ ሳይተከል ከእርሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።