የነርሶች ትምህርትና የበሽተኛ አምሳል

ማናቸውም የእጅ ሥራ ያለ ልምምድ እንደማይጠና፤ ልምምድም ያለ ስሕተት እንደማይገኝ የታወቀ ነው። አናጢ ሲማር እንጨት ያበላሻል፤ ሸማኔም ሲማር ድር ይበጥሳል፤ የጠፋውም በሌላ ይተካል። የነርስ ተማሪ ስሕተት ግን የሚያርፈው በሰው ሥጋ ላይ ነውና በምንም አይተካም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሕተት በማን ላይ ይፈጸም? የሚለው ጥያቄ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ ነገር መላ የፈለጉ ሰዎች ከብዙ ዘመን በፊት ተነሥተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1759 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ፥ ማዳም ዱ ኩድሬ የተባለችው አዋላጅ በየአውራጃው እየዞረች እንድታስተምር ፈቀደላት፤ እርስዋም ከጨርቅና ከቆዳ በሠራችው የእናትና የሕፃን አምሳል የገጠር ሴቶችን ማዋለድ አስተማረች። በአሜሪካም በሃርትፎርድ ከተማ የነበረው የነርሶች ትምህርት ቤት በ1911 ዓ.ም. በሙሉ ሰው ቁመት የተሠራች አሻንጉሊት ተቀበለ። በሠሪዋ በማርታ ቼዝ ስም «ሚሲስ ቼዝ» ተባለች፤ ተማሪዎችም በሽተኛን ማንሣትና ማገላበጥ በርስዋ ተለማመዱ።

የዛሬው አምሳል ደግሞ ደረቱ ይተነፍሳል፤ የደም ሥሩም ይመታል። መምህሩ በጓዳ ሆኖ በኮምፒዩተር ሲያዝዘው የደም ግፊቱ ድንገት ይወርዳል። ተማሪው ምልክቱን ሳያስተውል ቢዘገይ ይማርበታል እንጂ የሚሞት ሰው የለም።

የአሜሪካ የነርስ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ በሐኪም ቤት ከሚደረገው ልምምድ እስከ እኩሌታው ድረስ በዚህ ቢተካ በተማሪዎቹ ዕውቀት ላይ ጕልህ ልዩነት እንዳልታየ አስረድቷል። ይሁን እንጂ መምህራኑ ለዚሁ ሥራ ተለይተው የሠለጠኑ ነበሩ፤ ከልምምዱም በኋላ የተሠራውን ከተማሪዎቹ ጋር እየመረመሩ ያርሙ ነበር።

እንግዲህ የትምህርቱ ፍሬ በዕርማቱ እንጂ በአሻንጉሊቱ ብቻ አይደለም። የቅኔ ተማሪም የቈጠረውን አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፤ ከታረመ በኋላ ነው በማኅሌት የሚያሰማው። የነርስ ተማሪም በልምምድ ክፍል ታርሞ ወደ በሽተኛው አልጋ ሊቀርብ ይገባዋል። ደግሞም አምሳል የታማሚን ፍርሃት አይፈራም፤ የቤተ ዘመዱንም ልቅሶ አያለቅስም። ርኅራኄና ትዕግሥት የሚጠናው ከሰው ዘንድ ስለ ሆነ፥ አምሳሉ ለሐኪም ቤቱ ልምምድ መግቢያ ይሁን እንጂ ፈጽሞ ምትክ አይሁን።

በኢትዮጵያም የነርስ ትምህርት ቤቶችን የሚመሩ ሹማምንት ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት አምሳል ተቈልፎበት አቧራ ቢለብስ ማንንም አያስተምርም፤ በጨርቅ የተሠራ ተራ አሻንጉሊት ግን ትጉህ መምህር ካገኘ ብዙ ነፍስ ያድናል። ስለዚህ ለዕቃው ግዢ በጀት ሲቈረጥ ለመምህሩ ሥልጠናና ለዕርማቱ ጊዜ አብሮ ይታሰብ። ድኻው በሽተኛ ለሕክምና ሲመጣ ሰውነቱን ለተማሪ መጀመሪያ መሞከሪያ ሊሰጥ አልመጣምና።