አጋዘኑ ሞተር ያውቃል

ስለ ባሌና አርሲ የአደን ቀጠናዎች በተነሳ ቁጥር አንድ ክርክር ይመጣል። መንገድ ከሌለ አዳኝ አይመጣም፣ አዳኝ ካልመጣ ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ከሌለ ደኑን የሚጠብቅ የለም፣ ጠባቂ ከሌለ ደግሞ አጋዘን የለም የሚል ነው። ሲሰሙት እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ይመስላል። የሚያሳዝነው ግን የመጀመሪያው ቀለበት ራሱ የላላ መሆኑ ነው። መኪና ወደ አደን ቦታ በገባ ቁጥር ከዚያ ቦታ የሚወጣው አጋዘኑ ነውና።

ስለየትኛው እንስሳ እንደሆነ ይታወቅ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። አሥር ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው እሱ ነው። ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ እንደገና የሚያበቅለው የአሜሪካና የአውሮፓ አጋዘን ዘመድ አይደለም፤ የድኩላ ወገን ነው። ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን ሴቷ ቀንድ የላትም። የሳይንሱ ዓለም ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ በወሰደው ናሙና ላይ ተመሥርቶ ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ስም ሰጠው። ያኔ ባሌ ውስጥ የመኪና መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። አዳኙ የደረሰው በእግርና በከብት ጀርባ ነበር። ዛሬ ያለ መኪና አደን አይሆንም ለሚሉ ሰዎች ይህ ብቻውን በቂ መልስ በሆነ ነበር።

ነገሩን በደንብ ለማየት ግን ዲንሾ መሄድ ይበቃል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ አጋዘኖች በጠራራ ፀሐይ ይግጣሉ። ጎብኚ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ቆሞ ፎቶ ያነሳቸዋል፤ ቀና ብለው አይተው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚወስደው አስፋልት አጠገባቸው ያልፋል። አውቶቡሱም አይሱዙውም ጥሩምባውን እየነፋ ይመላለሳል፤ ከጋይሳይ ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ተነስቶ አይጠፋም። ያው ዝርያ የሚታደንበት ደን ውስጥ ሲገቡ ሌላ እንስሳ ይሆናል። አዳኞች ለቀናት ሸንተረር ላይ ተቀምጠው በመነጽር አስታውን ሲቃኙ ይውሉና አንድ ትልቅ ወንድ ሳያዩ ይመሻል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ደሙ አንድ ነው፣ ደጋው አንድ ነው፣ የሚበላውም ተመሳሳይ ነው። የተለየው የተማረው ትምህርት ነው። በዲንሾ መኪና ጎብኚ ይዞ ይመጣል፤ በአደን ቀጠና መኪና ጠመንጃ ይዞ ይመጣል። እንስሳው ታርጋ አያነብም፣ ድምፅና ውጤትን ግን ያገናኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም። የሞተር ድምፅ ከሰማ በኋላ ተኩስ የሰማ፣ ከተኩስ በኋላም የመንጋው ትልቅ ወንድ ሲወድቅ ያየ አጋዘን በሚቀጥለው ጊዜ ተኩሱን አይጠብቅም።

ይህ የግምት ወሬ አይደለም። በአሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት፣ ስታርኪ በሚባል በከፍተኛ አጥር የተከለለ ሰፊ የምርምር ደን አለ። ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤልክ በተባለው ትልቅ አጋዘን አንገት ላይ መከታተያ እያሰሩ ከመኪና ጋር ያለውን ነገር ሲያጠኑ ቆይተዋል። ኤልኮቹ መኪና ከሚመላለስባቸው መንገዶች ይርቃሉ፤ ምልልሱ በበዛ ቁጥርም ርቀታቸው ይጨምራል። ተመራማሪዎቹ በዚሁ ደን ውስጥ አራት ነገሮችን አወዳድረዋል፦ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ የተራራ ብስክሌት፣ እግረኛና ፈረሰኛ። ኤልኮቹን ከሁሉ በላይ ያንቀሳቀሰው ሞተሩ ነበር። እግረኛውና ፈረሰኛው ያስከተሉት ከዚያ ያነሰ ነው። እዚያው የሚኖር ሌላ አነስተኛ የአጋዘን ዓይነት ደግሞ ያን ያህል አልሸሸም። ተመራማሪዎቹ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን ፈልጎ ይሸሸግ ይሆናል ብለዋል። አንዱ ሮጦ ይጠፋል፣ ሌላው ቆሞ ይጠፋል፤ ለአዳኙ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ጃክ ሊዮን የተባለ ተመራማሪ ሒሳቡን አስቀምጦት ነበር። በአንድ ካሬ ማይል መሬት ላይ አንድ ማይል ክፍት መንገድ ሲኖር፣ መሬቱ ለኤልክ የሚሰጠው ጥቅም ቢያንስ በሩብ ይቀንሳል። መንገዱ ሁለት ማይል ሲሆን ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል። ሣሩ እዚያው ነው፣ ዛፉም አልተቆረጠም፤ ግን እንስሳው አይጠቀምበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ኤልክ የደጋ አጋዘን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሁለቱም በጥንቃቄ የሚኖሩ፣ ሽፋን የሚወዱ፣ ለቀንዳቸው የሚታደኑ የተራራ እንስሳት ናቸው። የዲንሾው አጋዘን ሰውን መልመድ ከቻለ፣ የአደን ቀጠናው አጋዘን ሰውን መፍራት አይችልም ብሎ የሚከራከር ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

መሸሽ ሲባል ደግሞ ከቦታ መሸሽ ብቻ አይደለም። እንስሳው ከሰዓትም ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከስድስት አህጉራት የ62 አጥቢ እንስሳትን መረጃ ሰብስቦ ነበር። ሰው በሚበዛበት ቦታ እንስሳቱ ሌሊት የሚንቀሳቀሱበት መጠን በአማካይ 1.36 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ቀን ይግጥ የነበረው ሌሊት ይግጣል። አሁን ይህን ወደ ባሌና አርሲ አምጥቶ ማሰብ ነው። በደኑ ጠርዝ ላይ የገበሬው ገብስ አለ። የደጋ አጋዘን ገብስ እንደሚበላ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀን ከደኑ ሣር የተባረረ እንስሳ ሌሊት የት ይሄዳል? በዝናብና በብርድ ጎጆ ቀልሶ፣ ውሻ ይዞ፣ ሲጮህ የሚያድረው ገበሬ የአዳኙን ላንድ ክሩዘር ዕዳ እየከፈለ ሊሆን ይችላል። ያ ገበሬ አጋዘኑን ቢጠላ ማን ይፈርድበታል? የተጠላ እንስሳ ደግሞ በወጥመድና በውሻ ሲያልቅ የሚጮህለት አያገኝም።

ሌላም ጉዳት አለ። በካናዳ አልበርታ ግዛት በኤልክ ላይ የተደረገ ክትትል አዳኝ የሚገድለው የትኛውን እንደሆነ አሳይቷል። ብዙ የሚንቀሳቀሰው፣ ገላጣ ቦታ የሚደፍረው ይሞታል፤ ድብቁና ፈሪው ይቀራል። ሴቶቹ ደግሞ ዕድሜ በጨመሩ ቁጥር ከአዳኝ ማምለጥን ይማራሉ። እንግዲህ መኪና ወደ ደኑ ልብ በገባ ቁጥር ደፋሮቹ ቀድመው ይታጨዳሉ፣ የቀሩት ደግሞ ይበልጥ ይደበቃሉ። በሚቀጥለው ዓመት አዳኙ እንስሳ አጣሁ ይልና መንገዱ ወደ ውስጥ ይቀጥልልኝ ይላል። መንገዱ ይቀጥላል፤ አጋዘኑም ወደ ባሰ ገደል ይቀጥላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋቱ በነብርና በጅብ ይላከካል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የቆጠራው ነገር ነው። ስንት አጋዘን እንደሚታደን የሚወሰነው ስንት አጋዘን አለ በሚል ግምት ነው። በመኪና መንገድ ዳር እየሄዱ የሚቆጥሩ ሰዎች የሚያዩት መኪና ያልፈሩትን ብቻ ነው። ጥቂት ካዩ አልቋል ይባላል፤ በሌላ ቀን በሌላ ቦታ ተሰብስቦ ካዩት ሞልቷል ይባላል። በጥቂት ሺዎች ብቻ በሚገመት፣ ለመጥፋት ተቃርበዋል ከተባሉት ዝርያዎች ተርታ በተመደበ እንስሳ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቀልድ አይደለም። መንገዱ እንስሳውን ማባረሩ ሳያንስ ስለ እንስሳው የሚታወቀውንም ያዛባል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ክርክር።

አንደኛ፣ መንገዱ ለጥበቃ ያስፈልጋል ይላሉ። ስካውቱ ሕገ ወጥ አዳኝ ላይ የሚደርሰው በመኪና ነው ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ክርክር ውስጥ ግማሹ ትክክል ነው፤ ያልተጠበቀ ደን ደን ሆኖ አይቆይም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅና ጥበቃው ሲፈርስ በባሌ ፓርክ ውስጥ አጋዘን እንዴት እንደተጨፈጨፈ የሚያስታውስ ሁሉ ያስታውሳል። ግን ጥርጊያ መንገድ የሚጠብቀው ሰው ብቻ የሚሄድበት ነገር አይደለም። የአደን ወቅቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል መንገዱ ይቀራል። በእሱ ላይ ጣውላ ይወጣል፣ ከሰል ይወጣል፣ ከብት ይገባል፣ ሌሊት ሞተር ብስክሌት ይገባል። መኪናው የከፈተውን በር ስካውቱ በእግሩ ሊዘጋ አይችልም። ለጥበቃ የሚፈለግ መንገድ ካለ በሩ ላይ ኬላ፣ ኬላው ላይ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ላይ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉም ስካውቱ ዘንድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ደንበኛው ሽማግሌ ነው፣ ባለጸጋ ነው፣ አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በእግሩ አይሄድም ይላሉ። ይህ ከሁሉ ደካማው ነው። ለአንድ የደጋ አጋዘን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍል ሰው የሚከፍለው አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። በመኪና ደርሶ የሚተኩስ ከሆነ የቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ቀንድ ምን ይነግርለታል? በዚያ ላይ ባሌ የፈረስ አገር ነው። በሮቤና በዲንሾ ገበያ ፈረስ ያልተጫነ ሰው ማግኘት ያዳግታል። የተከበሩ አስጎብኚ አዳኞችም የደጋ አጋዘንን በፈረስና በእግር ሲያሳድኑ ኖረዋል። የመኪናው ነዳጅ ዋጋ ከተራራው ወርዶ ሩቅ ይሄዳል። የፈረሱ ኪራይ ግን በዚያው ቀበሌ ለፈረሱ ባለቤት፣ ለመሪው፣ ገብስ ለሸጠችው እናት ይደርሳል። የአካባቢው ሰው ከአደን ይጠቀም የሚለው መፈክር በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ከተፈለገ ፈረስ ከዚህ የተሻለ መልስ አለው?

ሦስተኛ፣ ገጠሩ መንገድ ይፈልጋል፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ስትሞት ስለ አጋዘን እንቅልፍ ማውራት ነውር ነው ይላሉ። ነውር የሚሆነውስ ሁለቱን መንገዶች ማምታታት ነው። ቀበሌን ከቀበሌ፣ ጤና ጣቢያን ከመንደር የሚያገናኝ መንገድ ይሠራ፤ ማንም አይቃወምም። ከአዳኝ ድንኳን ተነስቶ ሰው ወደማይኖርበት ደን ልብ የሚሄድ ጥርጊያ ግን አንዲትም ወላድ አያደርስም። በእናቶች ስም የሚጠየቀው ለጠመንጃ የሚሆን መንገድ ነው።

አራተኛ፣ ዲንሾን ራሱን ይጠቅሳሉ። አጋዘን መኪና ቢፈራ ኖሮ አስፋልት ዳር አይግጥም ነበር ይላሉ። ይህ ክርክር በተናጋሪው ላይ ይዞራል። አጋዘን መኪናን በተፈጥሮው ካልፈራ፣ በአደን ቀጠና ውስጥ እንዲፈራ ያስተማረው ማን ነው? የዲንሾ መኪኖችም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም፤ በፓርኩ መንገዶች ላይ ቀይ ቀበሮ በመኪና የተገጨበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቸጋሪ ነገር አይደለም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። መኪና በቀጠናው ድንበር ላይ ይቁም፤ ከዚያ ወዲያ አዳኙ በእግሩ ወይም በፈረስ ይግባ። ወቅቱ ሲያልቅ ለአደን ብቻ የተከፈቱ ጥርጊያዎች ግንድ ተጋድሞባቸው፣ ጉድጓድ ተቆፍሮባቸው ይዘጉ። ቆጠራው ከመኪና ወርዶ በእግር፣ ከመንገድ ርቆ፣ ማለዳና ምሽት ይደረግ። የአደን ቀጠና ውል ሲታደስ እነዚህ በውሉ ላይ ይጻፉ፤ የጣሰም ቀጠናውን ይልቀቅ። አሜሪካኖች እንኳ፣ ያን ሁሉ መኪናና ያን ሁሉ ደን ይዘው፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ደኖቻቸው ሞተር በተፈቀደለት መንገድ ላይ ብቻ እንዲሄድ ደንግገዋል።

የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙ ጭብጨባ ነበር። ሰነዱ ግን ከፓርኩ ወሰን ውጭ ባለው ደን የሚኖረውን አጋዘን አያድነውም። እዚያ ያለው አጋዘን ዛሬም ጎህ ሲቀድ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። የሞተር ድምፅ ከሸለቆው ስር ከተሰማው ሣሩን ትቶ ወደ ገደሉ ይወጣል፤ አዳኙም ከቀትር በኋላ ባዶ ሸንተረር እያየ መንገዱ አጠረብኝ ይላል። ያን ዕለት ለሁለቱም የሚሻለው መኪናው ከታች ኬላው ላይ ቆሞ ቢቀር ነበር።