የሲልበሪ ጉብታና የችኰላ ትርጓሜ

በደቡብ እንግሊዝ፣ ዊልትሸር በተባለው አውራጃ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ2400 ዓመት ገደማ የሰው እጅ ቈፍሮና ተሸክሞ የከመረው፣ ቁመቱ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ፣ ሲልበሪ የሚባል የኖራ ድንጋይ ጉብታ አለ። የኖርተምበርላንድ መስፍን በ1776 ማዕድን ቈፋሪዎች አሰማርቶ ከአናቱ ወደ ታች አስበሳው፤ የሄርፎርድ ካቴድራል አለቃ ሜሪዌዘር በ1849 ከጎኑ አስፈለፈለው፤ ከ1968 እስከ 1970 ፕሮፌሰር ሪቻርድ አትኪንሰን በቴሌቪዥን ፊት ቈፈሩት፤ የንጉሥ መቃብር ግን ያገኘ የለም።

መቃብሩ ሲታጣ፣ ይህን ያህል ድካም የወሰደ ሥራ ለምሽግም ለመኖሪያም ካልዋለ ለሥርዓተ አምልኮ መሆን አለበት የሚለው አሳብ እንደ ተረጋገጠ ነገር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተሻገረ። የምቃወመው ይህንን ነው። የጥንት ሰዎች አላመለኩም አልልም፤ ማስረጃ በጠፋበት ስፍራ ሁሉ አምልኮን መጥራት ግን ምርመራውን ከመንገድ የሚያስቀር ስንፍና ነው፤ ምንም ዓይነት ግኝት ሊያፈርሰው የማይችል መላ ምት፣ ምንም ዓይነት ግኝት ሊያጸናውም አይችልምና። ከዚያው አውራጃ፣ በዱሪንግተን ዎልስ ታላቅ የአፈር ቅጥር ውስጥ የተገኘውን የአሳማ አጥንት የመረመሩት ሊቃውንት፣ ብዙዎቹ አሳሞች በዘጠኝ ወራቸው ገደማ መታረዳቸውን ከጥርሳቸው አይተው፣ ልደታቸውን ከጸደይ ቈጥረው፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በብርዱ ወራት ግብር ይበላ ነበር አሉ፤ እንዲህ ያለው ትርጓሜ፣ አጥንቱ ሌላ ቢመሰክር ኖሮ የሚወድቅ ስለ ነበረ፣ ክብር ይገባዋል።

የሲልበሪ ነገር ከዚህ ይለያል። አትኪንሰን ጉብታው በጥቂት ታላላቅ ደረጃዎች እንደ ተሠራ አስተምረው ነበር፤ በ2000 አናቱ ተደርምሶ፣ በ2007ና በ2008 የቀድሞዎቹን ዋሻዎች ለመድፈን የገቡት ተመራማሪዎች ግን፣ ከፍታዋ አንድ ሜትር እንኳ ከማይሞላ የጠጠር ቍልል ተነሥቶ፣ ሣር ያለበት አፈርና ኖራ በየጊዜው እየተደረበበት፣ ዙሪያ ቦዩም እየተደፈነ ወደ ውጭ እንደ ገና እየተቈፈረ ያደገ መሆኑን አረጋገጡ። የመጀመሪያዋን ጠጠር ያኖሩት ሰዎች የዛሬውን ቅርጽ በልባቸው ነድፈውት ነበር ለማለት የሚያስደፍር ነገር ከሌለ፣ ለዚህ ቅርጽ አንድ ሥርዓተ በዓል መፈለግ ምን መሠረት አለው? በአጋዘን ቀንድ ኖራውን የፈለፈሉትን ማን ይቀልባቸው እንደ ነበረ፣ አንዱ ንብር ካለቀ በኋላ ሌላውን ለመደረብ ምን እንዳነሣሣቸው መጠየቅ ግን አፈሩ ራሱ ሊመልስልን የሚችል ጥያቄ ነው።