ድርሰት ከማረም በፊት ድርሰት ማሳየት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ጂም ማርቲንና ጆአን ሮዘሪ በሲድኒ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጽሑፎች ሰብስበው መረመሩ። ልጆቹ ይጽፉ የነበረው በአብዛኛው ያዩትንና የዋሉበትን ነበር። የአንድን ነገር ምንነት የሚያስረዳ ወይም አቋም ይዞ የሚሟገት ጽሑፍ እምብዛም አልተገኘም።

ከፍ ባሉት ክፍሎች ውጤት የሚያስገኘው ግን እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው። መጻሕፍት በሞሉበት ቤት ያደገ ልጅ ሳይታወቀው ይለምደዋል፤ ሌላው ማንም ሳያሳየው ይፈተንበታል።

ተመራማሪዎቹ የተነሡት ማይክል ሃሊዴይ ከዘረጉት የቋንቋ ጥናት ነው። በ1925 በእንግሊዟ ሊድስ የተወለዱት ሃሊዴይ ቤጂንግ ድረስ ሄደው ቻይንኛ ያጠኑ ምሁር ነበሩ፤ በ1976 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ትምህርት ክፍልን አቋቋሙ። ቋንቋን ያጠኑት ሰዎች ኑሯቸውን ከሚያካሂዱበት ሁኔታ ሳይነጥሉ ነው። ስለ ምን ይነገራል? ከማን ጋር? በቃል ወይስ በጽሑፍ? መልሱ ሲለወጥ ሰዋስዉም አብሮ ይለወጣል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን በየቀኑ ይኖረዋል፦ ታናሽ ወንድሙን «ና» ያለ ሰው አማቱን «ይምጡ» ይላል። ከሃሊዴይ በፊትም አንትሮፖሎጂስቱ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲጥሉ የሚለዋወጡትን ቃል አዳምጠው፣ ንግግር የሥራው አካል መሆኑን በ1923 ጽፈዋል።

ከሲድኒ የወጣው የማስተማሪያ ዘዴ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መምህሩ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይዞ ይገባና ከተማሪዎቹ ጋር ይመረምረዋል። ለምን ተጻፈ? በምን ጀመረ? ማስረጃውን የት አስቀመጠ? ከዚያ ሌላ ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ አብረው ይጽፋሉ። ልጁ ብቻውን የሚጽፈው በመጨረሻ ነው። ዘዴው የጎለበተውም ድሃ ቤተሰቦች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች በነበረ የድጋፍ ፕሮግራም ውስጥ ነው።

የጽሑፍ ቅርጽ ማስተማር የልጆችን ፈጠራ ያስራል ብለው የተቃወሙ ነበሩ። መምህሩ ቅርጹን እንደ ቀመር ካስሸመደደው ስጋታቸው ልክ ነው። ሆኖም ምንም ሳያሳዩ «በራስህ ጻፍ» ማለት የሚጠቅመው ከቤቱ ተምሮ የመጣውን ልጅ ብቻ ነው።

በሰዋስው ትምህርት ስምን ከግስ መለየት የራሱ ጥቅም አለው፤ ብቻውን ግን ማመልከቻ አያስጽፍም። የኢትዮጵያ የአማርኛ መምህራን የድርሰት ርዕስ ሰጥተው ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ማመልከቻ ወይም የጋዜጣ አስተያየት ይዘው ይግቡ፤ ከተማሪዎቻቸው ጋር ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይመርምሩት፤ ቀጣዩንም አብረው ይጻፉ።