ሙቀቱ ሲያልፍ ጥናቱ አይቁም

በእርባታ የሚያዙ ጥንቸሎች በላብ ራሳቸውን ማቀዝቀዝ አይችሉም ማለት ይቻላል፤ ትርፍ ሙቀትን የሚያስወግዱት በዋናነት በጆሮዎቻቸው የደም ሥሮችና በፈጣን አተነፋፈስ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ እነዚህ መንገዶች በቂ አይሆኑም። እንስሳቱ ከምግብ መፈጨት የሚመነጨውን ሙቀት ለመቀነስ መኖ ይቀንሳሉ፤ ዕድገታቸውም ይገታል።

በግብፅ ተመራማሪዎች የተቀመረው የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ይህን ጫና በደረጃ ለመመደብ በሰፊው ያገለግላል። በቀመሩ መሠረት 30 ዲግሪ ሙቀት በ50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ከጫና ወሰን በታች ሲሆን፣ በ80 በመቶ እርጥበት ግን ከባድ ጫና ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው የሚያሳየው የዕለቱን አየር እንጂ በእንስሳው አካል የቀረውን ጉዳት አይደለም።

ልዩነቱ በወንዶቹ ላይ ጎልቶ ይታያል። የጥንቸል የወንዴ ዘር ህዋስ ተፈጥሮ እስኪጠናቀቅ 7 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በመሆኑም በሞቃቱ ወቅት ህዋሱ ላይ የደረሰ ጉዳት አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሊገለጥ ይችላል። አርቢው በዚያን ጊዜ ያልፀነሰችውን ጥንቸል መካን ናት ብሎ ሊያስወግዳት ይችላል፤ መንስኤው ግን ወንዱ ከሳምንታት በፊት ያሳለፈው ሙቀት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መለኪያው ወደ ጤናማ ወሰን በተመለሰበት ዕለት መረጃ መሰብሰብ የሚያቆም ጥናት፣ እንስሳቱ አገግመዋል ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ ማስረጃ አይኖረውም። ክትትሉ ከሙቀቱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር ሊቀጥል ይገባል። ይህ በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ላይ ጊዜና ወጪ እንደሚጨምር አይካድም፤ ሆኖም ቀድሞ የተቋረጠ ክትትል የሚያስከትለውን የተሳሳተ ምክር ዋጋ የሚከፍለው አርቢው ነው።