ስለ ፒክ አፕ መኪና የፍሬን ዲስክ አጠባበቅና አለዋወጥ

የፍሬን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፉ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይኾናል። ነገር ግን ፒክ አፕ መኪና በአገራችን የዕቃ መጫኛ ብቻ አይደለም፤ ሳምንቱን በመሥሪያ ቤትና በእርሻ ሥራ ሲያገለግል ይሰነብትና፥ በዓል በደረሰ ጊዜ አባወራውን፥ እመቤቲቱንና ልጆቹን በጋቢና፥ እህሉንና በጉን ከኋላ ጭኖ ወደ አገር ቤት ይጓዛል። ስለዚህ ይኸ ጽሑፍ የሚመለከተው ሾፌሩንና መካኒኩን ብቻ ሳይኾን የቤቱን ገንዘብ የሚያዝዘውን ሰው ነው፤ ዲስኩ ይለወጥ ወይስ ለአንድ ዓመት ይቈይ የሚለውን ነገር በመጨረሻ የሚቈርጠው እርሱ ነውና።

ዲስክ የሚባለው ከጎማው ጋራ አብሮ የሚዞር ክብ ብረት ነው፤ በቸርኬው ቀዳዳ አሻግሮ ለሚመለከት ሰው ሲያብለጨልጭ ይታያል። ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ የፍሬን ዘይት ይገፋና ሁለት ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ቈንጥጠው ይይዙታል። በዚህ ጊዜ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል እንጂ ጠፍቶ አይቀርም። ሙቀቱንም ተቀብሎ ለነፋስ የሚያስረክበው ዲስኩ ነው።

የሙቀቱ መጠን ምን ያኽል እንደ ኾነ ለመረዳት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ወደ 1400 ሜትር ይጠጋል። ከነጭነቱ 25 ኩንታል የሚመዝን ፒክ አፕ ይኸንን ያኽል ሲወርድ የሚለቀው ኀይል፥ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ፥ 100 ሊትር ያኽል ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ የወረደ እንደ ኾነ ከዚህ ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል፤ ማርሹን አውጥቶ የወረደ እንደ ኾነ ግን ዕዳው በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ማርሽ አውጥቶ መውረድ ነዳጅ ይቈጥባል የሚሉ ሾፌሮች ዛሬም አሉ። ይኸ ለአሁኑ ዘመን መኪና እውነት አይደለም፤ ነዳጅ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚረጭባቸው ሞተሮች በማርሽ ኾነው ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጡታል፥ ማርሹ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል።

የዲስክ ፍሬን አሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር። ዝናው የወጣው ግን በ1953 ዓ.ም. የዲስክ ፍሬን የተገጠመለት የጃጓር መኪና በፈረንሳይ አገር በለማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ካሸነፈ በኋላ ነው። ቀድሞ የነበረው ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፥ ሙቀቱም በውስጡ ይታፈናል፤ ዲስክ ግን በነፋስ ፊት የተገለጠ ነው። በአብዛኛው ፒክ አፕ ዲስኩ የሚገኘው በፊት ጎማዎች ላይ ነው፥ መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላልና።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸ ነው፤ ዲስክ እየሳሳ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ስንት ሚሊ ሜትር ሲቀረው መጣል እንዳለበትም ሠሪው ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ጠርዝ ወይም በማህሉ ላይ በቍጥር ይጽፍበታል። በአዲሱ ዲስክና በሚጣለው መካከል ያለው ልዩነት አዘውትሮ ከ2 ሚሊ ሜትር ያኽል አይበልጥም። ይኸ ለዐይን ምንም አይመስልም። ነገር ግን የሳሳ ብረት የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለ ኾነ ቶሎ ይግላል፥ ግለቱም በሸራው አልፎ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ተደንግጓል፤ ዘይቱ ግን ከአየር ርጥበት እየሳበ ስለሚያረጅ፥ ርጥበት ለጠጣው ዘይት የተፈቀደው ዝቅተኛ መፍያ 140 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት በቱቦው ውስጥ የተፈጠረ እንደ ኾነ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፥ መኪናው ግን አይቆምም። ይኸም የሚደርሰው በከተማ መንገድ ላይ ሳይኾን እንደ ዓባይ ሸለቆና እንደ ጣርማ በር ባለ ረዥም ቁልቁለት አጋማሽ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የቈየ ዘይት ይዞ ወደዚያ መውረድ ለልጆች አባት የሚገባ ድፍረት አይደለም።

ልኬቱን በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት አለ። ዲስክ ሲበላ ሸራው የማይነካው ጠርዙ ሳይበላ ይቀርና እንደ ከንፈር ተነሥቶ ይታያል። መካኒኩ ተራውን ካሊፐር በዚያ ከንፈር ላይ ያሳረፈ እንደ ኾነ የሚያነበው የከንፈሩን ውፍረት ነው፤ ዲስኩም ገና ብዙ ጊዜ ያለው ይመስላል። ስለዚህ በማይክሮ ሜትር፥ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፥ ዲስኩንም እያዞሩ በብዙ ቦታ መለካት ያሻል። ከሁሉም ያነሰው ቍጥር የሚታመነው ነው። ጋራዡ ይኸንን ቍጥር በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ወይም ፔዳሉ የሚንቀጠቀጥ ከኾነ ሁሉም ሰው «ዲስኩ ጠሟል» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ዲስኩ አልጠመመም፤ ውፍረቱ በአንድ ወገን ከሌላው በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ስለ ተለየ ነው። የዚህም ምንጩ ዲስኩ በሚቀመጥበት በሞዞው ላይ የቀረ ዝገት፥ ወይም በነፋስ መፍቻ ያለ ልክ የጠበቀ ብሎን ነው። ዝገቱ ሳይጠረግ አዲስ ዲስክ የተገጠመ እንደ ኾነ ጥቂት ሺሕ ኪሎ ሜትር ሲሄድ መንቀጥቀጡ ይመለሳል፥ ባለ መኪናውም ዲስኩን የሸጠለትን ነጋዴ ያማል። ከቁልቁለት የመጣን የጋለ ጎማ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብም ዲስኩን የሚጎዳ ልማድ ነው፤ ትንሽ ቀዝቀዝ እስኪል መጠበቅ ምን ይከብዳል?

ዲስኩን በቶርኖ ማስላግ ከመለወጥ ይረክሳል። ልገው ሲጨርሱ ውፍረቱ ከተጻፈው ቍጥር በቂ ብልጫ ያለው እንደ ኾነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከያንዳንዱ ፊት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢነሣ በጠቅላላው አንድ ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ይኸም ከተፈቀደው ሁለት ሚሊ ሜትር እኩሌታው ነው። ግማሽ ዕድሜውን በቶርኖ ላይ አራግፎ የመጣ ዲስክ ረክሶ ተገኘ ለማለት እኛ አንደፍርም። ስንጥቅ ያለበት፥ ወይም ከቍጥሩ በታች የኾነ ግን ያለ ክርክር ይጣላል።

ለመለወጥ ሲወሰን ግራና ቀኙ በአንድነት ይለወጣል፥ ሸራውም አብሮ አዲስ ይኾናል። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፥ ለኋላ ጎማ ታኮ ይደረግ፥ የጎማው ብሎኖች መኪናው ሳይነሣ ይላሉ። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ ጽኑ መደገፊያ ይቀመጥ። ሸራውን የያዘው መቈንጠጫ ሲፈታ በጎማ ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ይታሰር። የሸራው አቧራ ለሳንባ ጠንቅ ስለ ኾነ በነፋስ አይነፋ፥ በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በአንዳንድ ባለ አራት ጎማ ጎታች ፒክ አፕ ዲስኩ ከሞዞው ኋላ የታሰረ ስለ ኾነ ኩሺኔታውን መፍታት ግድ ይኾናል፤ ይኸ ለሠለጠነ እጅ እንጂ ለቤት ሥራ አይኾንም።

አዲሱ ዲስክ ዝገት እንዳይነካው ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ ሳይገጠም በፍሬን ማጽጃ ይታጠብ። ሞዞው እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ብሎኖቹ በክብ ተራ ሳይኾን ተሻግረው ፊት ለፊት እየተያዩ፥ በመጠን ቁልፍ፥ መጽሐፉ ባዘዘው ልክ ይጥበቁ። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መረገጥ አለበት፤ ይኸንን የዘነጋ ሰው የመጀመሪያው እርግጫው ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገደኛ በሌለበት ጎዳና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ያኽል ፍጥነት እየተነሡ፥ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፥ በመጠኑ ፍሬን እየያዙ ዐሥር ጊዜ ያኽል ቢያለማምዱት፥ በየመካከሉም ነፋስ ቢያስመቱት፥ ሸራውና ዲስኩ ይስማማሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ጭነት ይዞ ቁልቁለት መውረድ አያስፈልግም፤ የበዓል ጉዞ ያሰበም ሰው ዲስኩን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያስለውጥ። የብሎኖቹ ጥብቀት 100 ኪሎ ሜትር ያኽል ከተሄደ በኋላ እንደ ገና ይታይ። ስለ ኋላው ታምቡርና ስለ እጅ ፍሬን በሚመጣው ሳምንት እንጽፋለን።